እሑድ የተቆጠረ ገበያ

ቪጎ ወደብ፣ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣
አርባ ጀልባ ገብቷል ከጥቁሩ ጥልቀት፤
ሳጥን በሳጥን ላይ፣ ዓሣ በበረዶ፣
ተጫራቹ ቆሟል ከብርዱ ተላምዶ።
ዋጋ የሚያወርደው የጨረታ ሰሌዳ
አንድ ቁጥር ላይ ደርቆ አፈጠጠ እንደ ባዳ።
«ኡሺያ!» አሉኝ ሲብራን መስኮት አንኳኩተው፣
«ሰርዲኑ ሊሞቅ ነው፤ ማሽንሽን ምን ነካው?»

ማሽኔ አልታመመም። ትጉህ ነው፣ ይሠራል፤
የነገሩትን ይዞ መንገድ ይመርጣል።
የነገሩትን ግን ገልጬ ባነብበው፣
የጨረታው ሠንጠረዥ መዝገቡ እንዲህ ነው፦

የረድፎች ብዛት፣ ዜሮ።
የተቆጠረበት ቀን፣ እሑድ፣ ቀትር ላይ።

እሑድ!
ወለሉ ታጥቦ፣ በሩ ተቀርቅሮ፣
የባሕር ወፍ ብቻ ጣሪያው ላይ ሰፍሮ፣
በዚያች ሰዓት ነበር ቆጣሪው የመጣ፤
«ባዶ ነው» ብሎ ጻፈ፤ እንደ ገባ ወጣ።

አንተ መንገድ መራጭ፣ አልፈርድብህም፤
ባዶ ለተባለ ቤት ማውጫ አይገለጥም።
በእጄ ልዳብስ አልክ፣ ገባህ በጨለማ፤
ውስጡ ግን ሞልቶልሃል፣ እንደ ትልቅ ከተማ፤
አራት መቶ ሺህ ረድፍ! አንድ ሳጥን ሲሸጥ
ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበስክ፤ ሌላው ሲመጣ ደግሞ
እንደገና ከጫፍ፣ ጣትህ እስኪላጥ።

እኔንም እንዲሁ ነው።
ከሥራ በተባረርኩበት ዓመት፣ በዝምታዬ ወራት
አንዴ ያየኝ አጎቴ
እስከ ዛሬ ድረስ፣ በዓል በመጣ ቁጥር፣
ያንን እሑዴን ነው ለዘመድ የሚነግር።

ለሁሉ አንድ ሕግ ነበር፦ ከመቶ ዐሥር እጅ
ካልተለወጠ በቀር አትቁጠር የሚል ዐዋጅ።
ለጀልባዎች ስም ይበቃል፣ ለቀረጥ ዝርዝር ይበቃል፤
እነሱ ከዘመን ዘመን እንደ ድንጋይ ተቀምጠዋል።
ይህች ግን ሌሊት ሞልታ ረፋድ ትጠረጋለች፤
እንደ ማዕበል እንጂ እንደ ሐውልት አይደለች።
ለእሷ ብቻ የሚሆን ሥርዓት ልጻፍ አልኩ፤
«ከመቶ አንዱ ሲናወጥ ቁጠር» ብዬ አዘዝኩ።

ማክሰኞ አፈርኩ።
ቆጣሪው በየደቂቃው በሩ ላይ እየቆመ
ገዢ አላሳልፍ አለ፤ ገበያው ታመመ።

ሲብራን ሳቁብኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ሚዛን ሳይነኩ በዓይን ሲመዝኑ የዋሉ፦
«ከላይ ከላይ አትይ፤ ዓሣ አጥማጅ ብልጥ ነው፣
ትልልቁን ከላይ የሚደረድረው።
እስከ ታች ቁጠሪ፤ ሞልቶ ሳለ ቁጠሪ፤
ከዚያ ደብተርሽን ዝጊና እደሪ።»

እንዳሉት አደረግኩ። ሐሙስ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣
ናሙና ሳልወስድ ሙሉውን ቆጠርኩት።
ለዓሣው ዓይነት ዓምድ ሂስቶግራም ጨመርኩ፦
ከዐሥር ሳጥን ስምንቱ ሰርዲን እንደሆነ፣
እባብ መሳዩ ላምፕሬያ ግን በወር አንዴ፣ ያውም ከተገኘ፣
መራጩ እንዲያውቅ፣ በአማካይ እንዳይምል።
ከዚያም ስታቲስቲክሱን ቆለፍኩት።
የእሑዱ ቆጣሪ ይምጣ፤ ያንኳኳ፤ ይመለስ።

ሰሌዳው ተንቀሳቀሰ። ዋጋው መውረድ ጀመረ፤
አንዱ እጁን አነሳ፤ በረዶው ሳይቀልጥ
ሰርዲኑ በሰው እጅ አደረ።

አውቃለሁ፣ ቁልፌም አንድ ቀን ይዋሻል፤
ማዕበል ጀልባውን በባሕር ያስቀራል፣
ሠንጠረዡ ባዶ፣ ቁጥሬ «ሙሉ» ይላል።
ይሁን። ካርታ ይዞ ባዶ ቤት የገባ
ያፍር ይሆናል እንጂ አይወጣም በእንባ።

ሲብራን በሚያዝያ ጡረታ ይወጣሉ።
በትእዛዙ ግርጌ አንድ መስመር ትቻለሁ
ከእኔ በኋላ ለሚመጣው፦
«ይህን ቁልፍ ከመፍታትህ በፊት
ካፖርት ልበስና ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ወደ ወደቡ ውረድ፤
ሳጥኑን እስከ ታች እይ።»